ከፍሎ ማስላትና አሳጥሮ ማስላት
የሁለት የምህንድስና ስሌት ዘዴዎች መገናኘት ታሪክ

መግቢያ

ኃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። ከባድ ነገር ሲከፋፈሉት ይቀላል ለማለት ነው። በዚህ አጭር ጥናት ልንመለከተው ያሰብነው፥ ይህ ተረት በምህንድስና ስሌት ውስጥ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነና የት ላይ ሲደርስ እንደሚያዳግት ነው።

አንድ መሐንዲስ ድልድይ ወይም አውሮፕላን ከመሠራቱ አስቀድሞ ጭነቱን ይችል እንደ ሆነ በስሌት ለመመርመር ሲነሣ፥ ዕቃውን በሐሳቡ ወደ ጥቃቅን ቁራጮች ይለያይና የእያንዳንዱን ቁራጭ እንቅስቃሴ በቁጥር ለማግኘት ይሞክራል። ይህ ፋይናይት ኤለመንት የተባለው ዘዴ ነው። ቁራጮቹ እየበዙና እያነሱ በሄዱ መጠን መልሱ ወደ እውነተኛው ይቀርባል፤ ዳሩ ግን ሊፈለጉ የሚገባቸው ያልታወቁ መጠኖች በመቶ ሺህና በሚሊዮን መቆጠር ይጀምራሉ።

ይህን ሸክም ለማቅለል ሁለት መንገዶች ተገኝተዋል። አንደኛው መላውን አካል ወደ ጥቂት ትላልቅ ክፍሎች ለያይቶ እያንዳንዱን ለብቻው ማስላት ነው፤ ይህን ክፍፍል እንለዋለን። ሁለተኛው ከብዙዎቹ መጠኖች ውስጥ ለውጤቱ የሚያስፈልጉትን ጥቂቶቹን ብቻ ይዞ የቀረውን መተው ነው፤ ይህንም ማሳጠር እንለዋለን። ሁለቱ ዘዴዎች በየራሳቸው ተወልደው፥ በየራሳቸው አድገው፥ በ1960ዎቹ ዓመታት ተገናኝተዋል።

በጥናታችን የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። ሎሚ ከሎሚ ጋር አልተሰፋም፤ የድልድይ ክፍል ግን ከጎረቤቱ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሥራው በተከፈለ ቁጥር ችግሩ አይጠፋም፤ ክፍሎቹ ወደሚገናኙበት መጋጠሚያ ይሸሻል እንጂ። የሁለቱ ዘዴዎች ታሪክም ከሥሩ ሲመረመር የመጋጠሚያ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ይህንን ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢው ይገንዘብልን።

የክፍፍል መነሻ

ክፍፍል የተጀመረው ስሌትን ለማፋጠን አልነበረም። የተጀመረው በንጹሕ የሒሳብ ክርክር ምክንያት ነው። አንድ የብረት ሰሌዳ ዳሩ በየቦታው ምን ያህል እንደሚሞቅ ከታወቀ፥ ሙቀቱ ከረጋ በኋላ በውስጡ ያለው የእያንዳንዱ ነጥብ ሙቀት ስንት ይሆናል? ይህ የላፕላስ እኩልታ ጥያቄ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ በርንሃርት ሪማን በ1851 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ መልስ መኖሩን የተቀበለው፥ የዲሪክሌ መርሕ በሚባለው ሐሳብ ተመርኩዞ ነበር። ይኸውም ከሚቻሉት የሙቀት አኳኋኖች ሁሉ ጉልበቱ ከሁሉ ያነሰ አንድ ሊኖር ይገባል፥ መልሱም እርሱ ነው የሚል ነው። በ1870 ግን ካርል ቫየርሽትራስ፥ ዝቅተኛ ወሰን አለ ማለት ወሰኑ ላይ የሚደርስ ነገር አለ ማለት እንዳልሆነ በአስረጂ አሳየ። በዚህም የሪማን ማስረጃ መሠረቱ ተናጋ።

የቫየርሽትራስ ደቀ መዝሙር የነበረው ሄርማን አማንዱስ ሽቫርትስ ያን ጊዜ በዙሪክ ያስተምር ነበር። እርሱም በዚያው በ1870 አዲስ የማስረጃ መንገድ አቀረበ። ለክብ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ለአራት ማዕዘንም እንዲሁ። ክብና አራት ማዕዘን በከፊል ተደራርበው ለሚሠሩት ቅርጽ ግን የታወቀ መልስ አልነበረም። ሽቫርትስ እንዲህ አደረገ። በአራት ማዕዘኑ ውስጥ የሚያልፈው የክቡ ዳር ምን ዋጋ እንዳለው በግምት ይነሣል፤ በግምቱም የክቡን መልስ ያገኛል። ከዚያ መልስ ላይ በክቡ ውስጥ የሚያልፈውን የአራት ማዕዘን ዳር ዋጋ ያነብባል፤ በዚህም አራት ማዕዘኑን ይፈታል። እንደ ገና ወደ ክቡ ይመለሳል። ይህን እየተፈራረቁ ቢደጋግሙት ስሕተቱ በየዙሩ እያነሰ ሄዶ ሁለቱ መልሶች በተደራረቡበት ቦታ ላይ እንደሚስማሙ አረጋገጠ።

ነገሩ ሁለት ባለርስቶች የጋራ ወሰናቸውን እንደሚያስማሙበት ሁኔታ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ይለካል፤ የለካውንም ለጎረቤቱ ያስታውቃል፤ ጎረቤቱም በዚያ ተነሥቶ የራሱን ያርማል። ልብ ልንለው የሚገባው፥ ከክፍል ወደ ክፍል የሚተላለፈው ነገር በዳር ላይ ያለው ዋጋ ብቻ መሆኑን ነው። ክፍፍል ገና ሲወለድ ጀምሮ ዋናው ጕዳይ መጋጠሚያው ነበር።

የመሐንዲሶች ክፍፍል

ከሽቫርትስ በኋላ 80 ዓመት ያህል አልፎ፥ ክፍፍል ከሌላ በር ገባ። በ1950ዎቹ ዓመታት የነበሩት ኮምፒዩተሮች የማስታወሻ ቦታቸው እጅግ ጠባብ ነበር፤ የአንድ አውሮፕላን እኩልታዎች ባንድ ጊዜ ሊገቡባቸው አይችሉም። በተለመደው የማስወገድ ዘዴ ሲሠራ ደግሞ፥ እኩልታዎቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ከሆኑ፥ ያልታወቁት መጠኖች እጥፍ ሲሆኑ ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናል። በአንጻሩ አንድን ሥራ ለሁለት ቢከፍሉት እያንዳንዱ ግማሽ ስምንተኛውን ብቻ ይጠይቃል፤ ሁለቱ ተደምረውም የመጀመሪያውን ሩብ ይሆናሉ። ይህ ቀላል ሒሳብ መጋጠሚያውን ሳይቈጥር መሆኑን ግን እንዳንረሳ።

በሃንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጋብርኤል ክሮን፥ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ትላልቅ የኤሌክትሪክ መረቦችን ቀዶ፥ ቁራጮቹን ለየብቻ ፈትቶ፥ መልሶ የመስፋትን ዘዴ አስተማረ። ዘዴውን ከግሪክኛ በወሰደው ቃል ዲያኮፕቲክስ ብሎ ሰየመው፤ በዚሁ ስም የተጠራው መጽሐፉም በ1963 ወጣ። አጻጻፉ ለብዙዎች አስቸጋሪ ስለ ነበረ ክርክር አስነሥቷል፤ ነገር ግን ‹‹ቀድዶ መስፋት›› የሚለው ሐሳብ በመሐንዲሶች ዘንድ ሥር ሰደደ።

በዚያው በ1963 ትውልዱ ፖላንድ የሆነው ያኑሽ ፕሼምዬንዬትስኪ የአውሮፕላንን አካል ክንፍ፥ ግንድና ጅራት እያሉ በክፍል የማስላትን ሥርዓት በማትሪክስ ጽፎ አሳተመ። የዘዴው አካሄድ ይህ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ነጥብ ከሌላው ክፍል ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ የሚገናኘው በራሱ ክፍል መጋጠሚያ በኩል ብቻ ነው። እንግዲያውስ መጋጠሚያው ምን ያህል እንደ ተንቀሳቀሰ ከታወቀ የውስጡ ሁሉ ይታወቃል። ስለዚህ የውስጥ መጠኖች አስቀድመው ይወገዱና መጋጠሚያዎቹን ብቻ የሚመለከት አነስ ያለ እኩልታ ይቀራል። ይህ ከተፈታ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል ወደ ራሱ ተመልሶ የውስጡን ያሰላል።

በዚህ ሥራ የሚገኘው የመጋጠሚያ ማትሪክስ ዛሬ የሹር ማሟያ ተብሎ ይጠራል። ስሙን በ1968 የሰጠችው አሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅ ኤሚሊ ሄይንስወርዝ ስትሆን፥ የሰየመችውም በ1917 ስለዚህ ነገር ለጻፈው ለኢሳይ ሹር መታሰቢያ ነው። ሹር የበርሊን ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበረ፤ አይሁዳዊ በመሆኑ በ1935 ከመንበሩ ተባረረ፥ በ1941ም በቴል አቪቭ አረፈ። አውሮፕላንና ድልድይ ለሚያሰሉት ሁሉ የዕለት መሣሪያ የሆነውን ነገር በስሙ መጥራታቸውን ሳያይ መሞቱን ማስታወስ ተገቢ ይመስለናል።

እስካሁን በተናገርነው ውስጥ የተተወ ነገር የለም። ጭነቱ የማይንቀሳቀስ እስከ ሆነ ድረስ ክፍፍሉ ትክክለኛውን መልስ ይሰጣል፤ የሚለወጠው የሥራው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ነገር ግን አውሮፕላንም ሮኬትም ይንቀጠቀጣሉ። በዚህን ጊዜ ሁለተኛው ዘዴ ግድ ሆነ።

የማሳጠር መነሻ

ማሳጠርም የራሱ አባቶች አሉት። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ በ1877 ስለ ድምፅ በጻፈው መጽሐፉ፥ አንድ የሚንቀጠቀጥ አካል የሚይዘውን ቅርጽ በግምት በመውሰድ የንዝረቱን ድግግሞሽ በጥሩ ሁኔታ መገመት እንደሚቻል አሳየ። ስዊሳዊው ቫልተር ሪትስ ደግሞ አንድ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ጥቂት ቅርጾችን መርጦ፥ ከእነርሱ ቅልቅል የተሻለውን የመፈለግን ዘዴ አሰፋ፤ ይህን ካሳተመ ጥቂት ሳይቆይ በ1909 ገና በ31 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። የሁለቱ ሐሳብ ባጭሩ ሲነገር፥ የአንድን አካል እንቅስቃሴ ለማወቅ የነጥቦቹን ሁሉ ታሪክ መከተል አያሻም፤ ዋና ዋናዎቹን ቅርጾች ማወቅ ይበቃል ማለት ነው።

ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላ ይህ ሐሳብ በማትሪክስ ተጻፈ። በ1965 ሮበርት ጋያን ከአንድ ገጽ ባልበለጠች ማስታወሻ፥ የተመረጡ ጥቂት መጠኖችን ብቻ አስቀርቶ የቀሩትን የማስወገድን ዘዴ ለንዝረት አቀረበ። የሚወገዱት ነጥቦች፥ ጭነቱ የማይንቀሳቀስ ቢሆን ኖሮ እንደሚያደርጉት፥ የቀሩትን ተከትለው ይሄዳሉ ተብሎ ይታሰባል። ይህ ግን እውነት የሚሆነው በዝግታ ለሚደረግ ንዝረት ነው። ንዝረቱ ሲፈጥን የውስጡ ክብደት በራሱ ጉልበት መወዛወዝ ይጀምራል፤ መጋጠሚያውን ብቻ እየተከተለም አይኖርም። እንግዲህ የጋያን ማሳጠር ለዝቅተኛው ድግግሞሽ መልካም ሲሆን ለከፍተኛው እየደከመ ይሄዳል።

የሁለቱ መገናኘት

ጊዜው አሜሪካ ሰውን ወደ ጨረቃ ለመላክ የምትዘጋጅበት ጊዜ ነበር። የጠፈር መንኰራኵርና ሮኬት በብዙ ክፍሎች የተገጣጠሙ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ክፍል ንዝረት ከሌላው ጋር ተደምሮ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። በ1965 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ መምህር የነበረው ዋልተር ኸርቲ፥ እያንዳንዱን ክፍል በጥቂት የንዝረት ቅርጾች ወክሎ ክፍሎቹን የማገጣጠምን ዘዴ አሳተመ። በ1968 ሮይ ክሬግና መርቪን ባምፕተን ይህንኑ አቅልለውና አስተካክለው አቀረቡት። ክሬግ በኋላም በኦስቲን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማረ ሰው ነው። የክሬግና የባምፕተን ዘዴ ዛሬም በአውሮፕላን፥ በመኪናና በጠፈር ሥራ ውስጥ ይሠራበታል።

ዘዴው በሁለት ዓይነት ቅርጾች ላይ ይቆማል። የመጀመሪያዎቹ የሚገኙት የክፍሉን መጋጠሚያ ሙሉ በሙሉ ቆልፎ፥ ውስጡ ብቻውን እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ በመፈለግ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸው ጥቂቶቹ ይያዛሉ፤ የቀሩት ይተዋሉ። ሁለተኛዎቹ የሚገኙት መጋጠሚያውን በአንድ ነጥብ ላይ በአንድ መጠን ገፍቶ፥ ሌላውን ቆልፎ፥ ውስጡ እንዴት እንደሚከተል በማየት ነው። አንባቢው እንደሚያስተውለው፥ ሁለተኛዎቹ የፕሼምዬንዬትስኪ ክፍፍል ልጆች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ደግሞ የሬይሊና የሪትስ። ሁለቱ ዘዴዎች በእውነት የተጋቡት በዚህ ቦታ ነው። መጋጠሚያው ሳይነካ ስለ ተያዘም ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ስንጥቅ ወይም መደራረብ አይፈጠርም።

የዚህ ጋብቻ ጥቅም የስሌት ብቻ አልነበረም። አንዱ ቡድን ክንፉን፥ ሌላው ቡድን ሞተሩን ለየብቻ አሳጥሮ ትንንሽ ማትሪክሶችን ብቻ መላላክ ቻለ። አንድ ክፍል ሲለወጥም የሚሰላው ያው ክፍል ነው እንጂ መላው አካል አይደለም።

ይሁን እንጂ ልንሰውረው የማይገባ አንድ ነገር አለ። ከሬይሊ ጀምሮ እንደሚታወቀው፥ ቅርጾችን መርጦ ሌላውን መተው አካሉን በሐሳብ ማሰር ነው፤ በተተዉት ቅርጾች እንዳይንቀሳቀስ ይከለከላልና። ስለዚህ ያጠረው ሞዴል ከተነሣበት ሙሉ ሞዴል ይልቅ ግትር ሆኖ ይታያል፥ የንዝረቱም ድግግሞሽ ወደ ላይ ይሳሳታል እንጂ ወደ ታች አይሳሳትም። ስሕተቱ ለሠሪው የሚያስደስት ስሕተት ነው፤ ዕቃውን ከሆነው በላይ ጠንካራ አድርጎ ያሳያልና። አደጋውም ከዚህ ይመነጫል።

ያልተፈታው መጋጠሚያ

ክሬግና ባምፕተን የውስጡን አሳጠሩ፤ መጋጠሚያውን ግን እንዳለ ተዉት። ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። ባለ 20 ክፍል ድልድይ አለን እንበል። እያንዳንዱ ክፍል በውስጡ 5,000 ያልታወቁ መጠኖች አሉት፤ ክፍሎቹን በተርታ የሚያያይዙት 19 መጋጠሚያዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 300 መጠኖች ይዘዋል። ጠቅላላው 100,000 የውስጥና 5,700 የመጋጠሚያ፥ በድምሩ 105,700 ነው። የእያንዳንዱን ክፍል ውስጥ በ20 ቅርጾች ብናሳጥር የውስጡ 400 ብቻ ይቀራል። መጋጠሚያው ግን እንደ ነበረ 5,700 ነው፤ ድምሩም 6,100 ይሆናል። ከ100 መጠኖች ውስጥ ከ93 የማያንሱት አሁን የመጋጠሚያ ሆኑ ማለት ነው። ሸክሙ አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ።

በ1980ዎቹ ዓመታት ብዙ አስሊ አካሎች ጐን ለጐን የሚሠሩባቸው ኮምፒዩተሮች ሲመጡ፥ የሒሳብ ሊቃውንት ወደ ሽቫርትስ ተመለሱ። እያንዳንዱን ክፍል ለአንድ አስሊ መስጠት የተፈጥሮ አካሄድ ነበርና። በጥር 1987 በፓሪስ ስለ ክፍፍል ዘዴዎች የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። በዚያ ፈረንሳዊው ፒየር ሉዊ ሊዮንስ የሽቫርትስን መፈራረቅ በአዲስ ዓይን መረመረ። ይኸው ሰው በ1994 የፊልድስን ሜዳልያ ተሸልሟል።

ከእነዚህ ጥናቶች አንድ ትልቅ ትምህርት ተገኘ። እያንዳንዱ ክፍል ከጎረቤቱ ጋር ብቻ የሚነጋገር ከሆነ፥ በድልድዩ አንደኛ ጫፍ ላይ የደረሰው ነገር ወደ 20ኛው ክፍል ለመድረስ በየመካከሉ ያሉትን ሁሉ በየተራ ማለፍ አለበት። ክፍሎቹ በበዙ መጠን ዙሩ ይበዛል፤ ከፍሎ ማስላት የተፈለገበት ፍጥነትም ይጠፋል። መድኃኒቱ መላውን አካል ባንድ ጊዜ የሚያይ አንድ ትንሽ ተጨማሪ ሞዴል ማበጀት ሆነ። ሻርቤል ፋርሃትና ፍራንስዋ ሩ በ1991 ባሳተሙት ፌቲ በተባለው ዘዴ ይህ ትንሽ ሞዴል የሚሠራው፥ በምንም ድጋፍ ያልታሰሩት ክፍሎች ሳይታጠፉና ሳይለጠጡ ባለ አካላቸው ከሚንቀሳቀሱባቸው ጥቂት ቅርጾች ነው። ይህ ጥቂት ቅርጾችን ይዞ የቀረውን መተው ከማሳጠር በቀር ሌላ ምንድር ነው? እንግዲህ መሐንዲሶቹ ለማሳጠር ሲሉ ክፍፍልን እንደ ፈለጉ ሁሉ፥ የሒሳብ ሊቃውንቱም ለመክፈል ሲሉ ማሳጠርን መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

መጋጠሚያውን ማሳጠር

በዚህ ጊዜ ማሳጠርም በበኩሉ አድጎ ነበር። በ1978 አልምሮትና ጓደኞቹ፥ በ1980 ደግሞ አሕመድ ኑርና ፒተርስ፥ ቅርጾችን ከንዝረት ሳይሆን አስቀድሞ ከተሠሩ ሙሉ ስሌቶች የመውሰድን ሐሳብ አቀረቡ። የአንድን ምሰሶ ውፍረት፥ ወይም የብረቱን ጠባይ፥ ወይም ጭነቱን እየለዋወጡ ለጥቂት ሁኔታዎች ሙሉውን ስሌት ይሠራሉ፤ ለአዲስ ሁኔታ መልሱ የሚገኘው ከእነዚያ መልሶች ቅልቅል ነው። ከ2000 ወዲህ አንቶኒ ፓቴራ፥ ኢቮን ማዴና ባልደረቦቻቸው በዚህ ላይ አንድ ታላቅ ነገር ጨመሩ። ያጠረው መልስ ከሙሉው መልስ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል፥ ሙሉውን ሳያሰሉ፥ የላይኛውን ወሰን የሚነግር ስሌት ነው።

ማዴና አይናር ሮንክዊስት በ2002 ይህን ማሳጠር ከክፍፍል ጋር አጋጠሙት፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ጥቂት ቅርጾች ይዞ ከጎረቤቱ ጋር በመጋጠሚያው ላይ ይስማማል። በ2013 ደግሞ ሁዊን፥ ክኔዜቪችና ፓቴራ የ1960ዎቹን የውስጥ መጠኖች ማስወገድ ከአዲሱ ማሳጠር ጋር አንድ አድርገው አሳተሙ። በእነርሱ አሠራር ክፍሎቹ እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀድመው ተዘጋጅተው ይቀመጣሉ፤ መሐንዲሱም ውፍረታቸውንና ጠባያቸውን እየለወጠ ያገጣጥማቸዋል፤ ከመልሱ ጋርም የስሕተቱን ወሰን ያገኛል። የ50 ዓመት ታሪክ በዘዴው ስም ውስጥ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል፤ ‹‹ስታቲክ ኮንደንሴሽን›› የተባለው አሮጌው ስም ከአዲሱ ጋር አብሮ ገብቷልና።

የቀረው መጋጠሚያውን ራሱን ማሳጠር ነበር። ይህ እንዴት እንደሚቻል ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሴን ቬናን በ1855 ስለ ዘንግ መጠምዘዝ በጻፈው ጥናት፥ ድምር ኃይላቸውና ድምር የመጠምዘዝ ጉልበታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ጭነቶች፥ ከተጫኑበት ቦታ ራቅ ብሎ የሚያደርሱት ውጤት አንድ ዓይነት መሆኑን አስረድቶ ነበር። በመጋጠሚያው ላይ ያለ ጥቃቅን ውጣ ውረድ ወደ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ፈጥኖ ይሞታል ማለት ነው። ወደ ሌላው መጋጠሚያ ለመድረስ የሚችሉት ጥቂት ሰፋፊ ቅርጾች ብቻ ናቸው። እንግዲያስ የቀሩትን መተው ይቻላል። ካትሪን ስሜታናና ፓቴራ በ2016 እነዚህን ከሁሉ የተሻሉ የመጋጠሚያ ቅርጾች በሥርዓት የማግኘትን መንገድ አሳተሙ። በምሳሌያችን ድልድይ የእያንዳንዱን መጋጠሚያ 300 መጠኖች በ15 ቅርጾች ብንወክል 5,700 የነበረው 285 ይሆናል። ከ105,700 ተነሥተን 685 ላይ ደረስን ማለት ነው።

የተተወው ነገር ዋጋ

ይህን ያህል ካልን በኋላ፥ ጉዳዩ የፍጥነት ብቻ አለመሆኑን ለማስታወስ አንድ አደጋ እንጠቅሳለን። በነሐሴ 23 ቀን 1991 በኖርዌይ በስታቫንገር ከተማ አጠገብ ባለ የባሕር ወሽመጥ፥ ስሌይፕነር ኤ ለተባለው የነዳጅ ማውጫ መድረክ የተሠራው የኮንክሪት መሠረት በሙከራ ላይ ሳለ ሰጥሞ ተሰባበረ። መሠረቱ 24 ክፍሎች ያሉት ነበር። የተሰነጠቀው ግድግዳ የሚገኘው ሦስት ክፍሎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው። በምርመራው እንደ ታወቀው፥ በፋይናይት ኤለመንት ስሌቱ ውስጥ በዚያ ቦታ ላይ የተወሰዱት ቁራጮች ሻካራና ቅርጻቸው የተበላሸ ስለ ነበረ፥ ግድግዳውን የሚቈርጠው ውጥረት በ47 በመቶ አንሶ ተገምቶ ነበር፤ በዚያ ላይ የብረቱ አተካከል በቂ አልነበረም። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተሠራ ስሌት መሠረቱ በ62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር አመለከተ፤ የተሰበረውም በ65 ሜትር ላይ ነበር። የደረሰው ጥፋት ወደ 700 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተገምቷል።

ይህ አደጋ በማሳጠር ዘዴ የመጣ አይደለም፤ እንዲህም ብለን ልንከሰው አንፈልግም። ነገር ግን ዘመዱ ነው። ብዙ ቁጥር በሚያስፈልግበት ቦታ ጥቂት ቁጥር ተወሰደ፤ ቦታውም መገጣጠሚያ ነበረ። መሣሪያው እውነቱን የመናገር ችሎታ እንዳለው ኋላ የተሠራው ስሌት መስክሯል፤ የጐደለው ምን ያህል እንደ ተተወ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ማሳጠር የማይቻልበት ቦታ መኖሩንም ክፍፍሉ ራሱ ያስተምረናል። ስንጥቅ በሚሄድበት አካባቢ ያለፉ ስሌቶች ለሚመጣው አስረጂ አይሆኑም፤ ስንጥቁ በየጊዜው አዲስ ቅርጽ ይፈጥራልና። በ2013 ኬርፍሪደንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ይህን በክፍፍል መንገድ ያዘው፤ ከስንጥቁ ራቅ ያሉት ክፍሎች ያጥራሉ፥ ስንጥቁ ያለበት ክፍል ግን ሙሉውን እንደ ያዘ ይሰላል። በዚህ አሠራር ክፍፍል ሥራን ማከፋፈያ ብቻ መሆኑ ይቀርና፥ የት ላይ መቈጠብ እንደሚገባና የት ላይ እንደማይገባ መለያ ይሆናል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ በ1870 መልስ መኖሩን ለማስረዳት የተፈጠረ ዘዴና በ1877 ድምፅን ለማጥናት የተጻፈ ሐሳብ ተገናኝተው ዛሬ የድልድይና የሮኬት ማስሊያ ሆነዋል። ብዙ ጊዜ መሐንዲሱ ቀድሞ ሠርቶበታል፤ የሒሳብ ሊቁ ግን ዘግይቶ ቢደርስም ስሕተቱን የሚለካበትን ሚዛን ይዞ መጥቷል። ያለ መጀመሪያው ሥራው አይጀመርም፤ ያለ ሁለተኛው በሥራው መተማመን አይቻልም።

እንደኛ ግዙፍ ኮምፒዩተር በእጁ ለሌለው ተማሪ ይህ ታሪክ መልካም ዜና አለው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ስሌት ወደ መቶዎች ከወረደ በጠረጴዛ ላይ ባለች መሣሪያ ሊሠራ ይችላል። ከዜናው ጋር ግን ግዴታም ይመጣል። የስሌት ውጤት በፊታችን ሲቀርብ ሦስት ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባናል፦ የት ላይ ተከፈለ? ምን ተተወ? የተተወው ነገር ስንት ያህል ነው? የሦስተኛው መልስ የሌለው ስሌት ምንም ፈጣን ቢሆን ገና ያላለቀ ስሌት ነው እንላለን።